አንድ ቦታ ጽፎ ብዙ ቦታ ማድረስ፦ ኮድ ማመንጨትና የሶፍትዌር ደርቦች መናበብ

መግቢያ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሶፍትዌር አሠራር ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ የዲፓርትመንታችን ልጆች እንደሚነሣ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። ዛሬ ዜና የሚጻፈው፣ የሚታረመው፣ የሚሠራጨውና የሚነበበው ሶፍትዌር ውስጥ አልፎ ነው። ሶፍትዌሩ የሰው ስም ቆርጦ ካስቀረ፣ ዜናው ላይ የሚወጣው ያው የተቆረጠው ስም ነው። ሶፍትዌሩ ሰዓት ካምታታ፣ አንባቢው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳዩ የሙያችን ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሶፍትዌር ባለሙያዎች «ኮድ ማመንጨት» የሚሉትን አሠራር በቀላል ቋንቋ ማስተዋወቅ ነው። በቅድሚያ አሠራሩ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደ መጣ አሳያለሁ። ቀጥዬ እንዴት እንደሚሠራ አብራራለሁ። በመጨረሻም ራሳችን የምንጠቀምበትን አማርኛ፣ ማለትም በስልካችንና በኮምፒውተራችን ላይ የምናያቸውን የቀንና የሰዓት ስሞች፣ እንደ ማስረጃ ወስጄ አሠራሩ ምን እንደ ጠቀመንና የት ላይ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ እገልጻለሁ።

1. ደርብ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሶፍትዌር ከውጭ ሲታይ አንድ ነገር ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ፎቅ ቤት ደርብ በደርብ ነው። ለምሳሌ የዚህ ቡለቲን ጽሑፎች የሚቀመጡበት የኮምፒውተር ማኅደር እንሥራ ብንል፣ ቢያንስ አምስት ነገሮች ያስፈልጉናል፦

ሀ) ጽሑፎቹና የጸሐፊዎቹ ስም የሚቀመጡበት ዳታቤዝ፤
ለ) ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው፣ ሰርቨር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም፤
ሐ) ከሰርቨሩ ወደ ተጠቃሚው፣ ከተጠቃሚውም ወደ ሰርቨሩ የሚላከው የመልእክት ቅርጽ፤
መ) ተጠቃሚው የሚሞላው፣ ስክሪን ላይ የሚታየው ፎርም፤
ሠ) አዲስ ሠራተኛ የሚያነበው መመሪያ።

እንግዲህ «የጸሐፊው ስም» የሚባለው አንድ ነገር አምስት ቦታ ተጽፏል ማለት ነው። ዳታቤዙ ያውቀዋል፣ ፕሮግራሙ ያውቀዋል፣ መልእክቱ ይሸከመዋል፣ ፎርሙ ይጠይቀዋል፣ መመሪያው ያብራራዋል። አምስቱም ስለ እሱ አንድ ዓይነት ነገር እስካወቁ ድረስ ችግር የለም። ደርቦቹ ይናበባሉ እንላለን። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ተለውጦ ሌላው ሳይሰማ ሲቀር ነው።

2. ደርቦች እንዴት ይለያያሉ?

ሦስት ምሳሌዎች ልስጥ። ሦስቱም ከአገራችን ሁኔታ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የአያት ስም ነው። ማኅደሩ ሲሠራ የጸሐፊው ስምና የአባቱ ስም ብቻ ተይዞ ነበር እንበል። በኋላ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ተማሪዎች መጡና የአያት ስም ይጨመር ተባለ። አንዱ ባለሙያ ዳታቤዙ ላይ ቦታ አዘጋጀ፤ ሌላው ፎርሙ ላይ ሣጥን ጨመረ። መሀል ላይ ያለውን መልእክት ግን ማንም አላስታወሰውም። ተማሪው የአያቱን ስም ይሞላል፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫናል፣ «ተመዝግቧል» የሚል መልስ ያገኛል። የአያቱ ስም ግን የትም አልደረሰም። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ይኼ ዓይነቱ ስሕተት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ለምን ቢባል የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ስሙ ሲፈለግ ነውና።

ሁለተኛው የፊደል ልክ ነው። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ድሬዳዋ» አራት ፊደል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 12 ባይት ነው። ፎርሙ «ስም እስከ 30 ፊደል» ቢልና ከሥር ያለው ደርብ 30 የሚለውን በባይት ቢቆጥረው፣ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ቦታው አሥር ፊደል ብቻ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሲሞከር ግን ሁሉም ደህና ይመስላል።

ሦስተኛው ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። «ዓርብ» እና «አርብ» ለእኛ አንድ ቀን ናቸው። ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ደርብ በዓይኑ «ዓ» ሌላው በአልፋው «አ» ከተጻፈ፣ ፍለጋው ባዶ ይመለሳል።

ሦስቱንም ምሳሌዎች የሚያገናኛቸው አንድ ምክንያት ነው። አንድ እውነት ብዙ ቦታ በእጅ ተገልብጧል። እጅ ደግሞ ይረሳል።

3. ኮድ ማመንጨት

3.1 አሳቡ

በፎቶ ኮፒ ፈንታ ስቴንስል በነበረበት ጊዜ የፈተና ወረቀት እንዴት ይባዛ እንደ ነበር መምህሮቻችን ያውቁታል። ጸሐፊዋ ጥያቄውን አንድ ጊዜ ስቴንስል ላይ ትመታለች፤ ማባዣው የቀረውን ይሠራል። መቶኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በእጅ የሚያርም ሰው የለም፤ የሚታረመው ስቴንስሉ ነው።

ኮድ ማመንጨትም እንዲሁ ነው። አምስቱን ደርቦች በእጅ ከመጻፍ ይልቅ አንድ የመግለጫ ፋይል ይጻፋል። ለማኅደራችን ሲሆን ይህን ይመስላል፦

ጽሑፍ፦
– ርእስ፦ ቃላት፣ እስከ 120 ፊደል፣ ግዴታ
– የጸሐፊ ስም፦ ቃላት፣ እስከ 40 ፊደል፣ ግዴታ
– የአባት ስም፦ ቃላት፣ እስከ 40 ፊደል፣ ግዴታ
– የአያት ስም፦ ቃላት፣ እስከ 40 ፊደል፣ በፈቃድ
– የወጣበት ቀን፦ ቀን፣ ግዴታ

«ኮድ አመንጪ» የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይህን ፋይል አንብቦ የዳታቤዙን ሠንጠረዥ፣ የሰርቨሩን ኮድ፣ የመልእክቱን ቅርጽ፣ ፎርሙንና መመሪያውን ራሱ ይጽፋል። የአያት ስም ሲጨመር የሚነካው አንድ መስመር ብቻ ነው። አመንጪው እንደገና ሲነሣ አምስቱም ደርብ አንድ ላይ ይለወጣሉ።

አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ስቲቨን ጆንሰን የሠራው ያክ የተባለው መሣሪያ የአንድን የኮምፒውተር ቋንቋ ሰዋስው ተቀብሎ ያንን ቋንቋ የሚያነብ ፕሮግራም ያመነጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጉግል ፕሮቶኮል በፈርስ የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። በዚህ መሣሪያ የመልእክቱ ቅርጽ አንድ ጊዜ ይገለጻል፤ ከእሱም ለጃቫ፣ ለፓይተን፣ ለሲ ፕላስ ፕላስ የሚሆን ኮድ ይወጣል። በተለያየ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ሳይጣሉ የሚነጋገሩት በዚህ ዘዴ ነው።

3.2 ደንቦቹ

አሠራሩ እንዲጠቅም መጠበቅ ያለባቸው ደንቦች አሉ።

አንደኛ፣ የመነጨው ኮድ በእጅ አይነካም። ዛሬ በእጅ የታረመው ነገር ነገ አመንጪው ሲነሣ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የመነጩ ፋይሎች አናታቸው ላይ «በመሣሪያ የተሠራ ነው፤ እንዳትለውጡት» የሚል ማሳሰቢያ ይጻፍባቸዋል።

ሁለተኛ፣ ሰው የሚጽፈው ኮድ ለብቻው ይቀመጣል። ከመነጨው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ከተደባለቀ የመጀመሪያው ደንብ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ሶፍትዌሩ በተሠራ ቁጥር ኮዱ እንደገና ይመነጫል፤ ከቀድሞው ጋርም ይነጻጸራል። ያልተጠበቀ ልዩነት ከታየ ወይ ምንጩን የነካ አለ፣ ወይ የመነጨውን የነካ አለ።

አራተኛ፣ መናበብ ማለት አንድ መሆን ማለት አይደለም። ዳታቤዙ ቀኑን በማያሻማ አንድ መልክ ይይዛል፤ ስክሪኑ ግን ለአንዱ አንባቢ በኢትዮጵያ፣ ለሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳየዋል። የጸሐፊው ስልክ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ይኖራል፤ አንባቢ የሚያየው ገጽ ላይ ግን መውጣት የለበትም። የቱ ደርብ ምን ያሳይ የሚለውም መግለጫ ፋይሉ ላይ መጻፍ አለበት።

የማይፈታውም ነገር አለ። ቀደም ሲል የአያት ስም ሳይኖራቸው የተመዘገቡትን ሰዎች አመንጪው ከየትም አያመጣላቸውም፤ ሰው ጠይቆ መሙላት አለበት። ሦስት ሣጥን ብቻ ላለው ትንሽ ሥራ ደግሞ አመንጪ መሥራት ከሥራው በላይ ድካም ሊሆን ይችላል።

4. አማርኛ ስልካችን ላይ እንዴት ይደርሳል?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም፣ በ345 ምልክቶች ነው። ነገር ግን ፊደሉ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ስልኩ የሳምንቱን ቀናት ስም፣ የወራትን ስም፣ የገንዘብ መጠሪያን፣ የቀን አጻጻፍ ቅደም ተከተልን ከየት ያውቃል? እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ አስተርጓሚ ቢያስጽፍ፣ አንዱ «ዓርብ» ሌላው «አርብ»፣ አንዱ «ኅዳር» ሌላው «ህዳር» ይሉ ነበር።

ለዚህ የተዘጋጀው መፍትሔ ሲኤልዲአር ይባላል። ትርጉሙ የቋንቋና የአካባቢ መረጃ የጋራ ማከማቻ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው እትም በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2003) ወጣ። በተከታዩ የአውሮፓ ዓመት 2004 ደግሞ ሥራው በዩኒኮድ ኮንሰርቲየም ሥር ገባ። እያንዳንዱ ቋንቋ ኤክስኤምኤል በሚባል አጻጻፍ የተዘጋጀ የራሱ ፋይል አለው። የአማርኛው ፋይል ውስጥ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ እንዲሁም ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያሉት ስሞች ተመዝግበዋል።

ከዚህ አንድ ምንጭ ብዙ ነገር ይመነጫል። አይሲዩ የሚባለው የፕሮግራሞች ስብስብ መረጃውን ከሲኤልዲአር ፋይሎች በመሣሪያ ይቀዳል፤ አንድሮይድ፣ የአፕል መሣሪያዎችና ክሮም ደግሞ አይሲዩን ይጠቀማሉ። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ዘጠነኛ እትም ጀምሮ ይህንኑ መረጃ ዋና ምንጩ አድርጓል። ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግለው አንጉላርም በዚያው ዓመት፣ በአምስተኛው እትሙ፣ የአማርኛውን ፋይል ጨምሮ የቋንቋ ፋይሎቹን ከሲኤልዲአር ማመንጨት ጀመረ። ፋይሎቹ አናት ላይም ከላይ የጠቀስኩት «እንዳትለውጡት» የሚለው ዓይነት ማሳሰቢያ አለ።

ስለዚህ ሰርቨሩ በጃቫ፣ ገጹ በአንጉላር፣ ስልኩ በአንድሮይድ ቢሠራም የሳምንቱ አምስተኛ የሥራ ቀን በሦስቱም ላይ «ዓርብ» ተብሎ ይወጣል። ሦስቱን የሠሩት ሰዎች ላይተዋወቁ ይችላሉ። አማርኛ አንድ ቃል መናገር አይጠበቅባቸውም። ደርቦቹን ያናበባቸው አንድ ፋይል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሚናበቡት ተመሳሳይ እትም እስከያዙ ድረስ ነው። ሲኤልዲአር አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እትም ያወጣል። ለዓመታት ያልታደሰ ስልክ አሮጌውን፣ የታደሰው ሰርቨር አዲሱን ሊያሳይ ይችላል።

5. ስሕተትም ይባዛል

ስቴንስሉ ላይ የተሳሳተ ጥያቄ ሁሉም ወረቀት ላይ ይሳሳታል። የአማርኛውን ፋይል ስመለከት ትኩረቴን የሳበው ይኸው ነበር።

ፋይሉ የቀኑን ክፍሎች ይሰይማል። በተለያዩ የአንጉላር እትሞች ውስጥ የመነጨው የአማርኛ ፋይል «እኩለ ሌሊት»፣ «ቀትር» ካለ በኋላ «ጥዋት1»፣ «ማታ1»፣ «ሌሊት1» ይላል። የከሰዓት በኋላው ደግሞ በአንድ ቦታ «ከሰዓት 7» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቁጥርና ሰባት ቁጥር ከየት መጡ?

ነገሩ ወዲህ ነው። በሲኤልዲአር ውስጥ የቀን ክፍሎች ፕሮግራሙ የሚለይበት የውስጥ መጠሪያ አላቸው፤ «ሞርኒንግ1»፣ «አፍተርኑን1»፣ «ኢቭኒንግ1»፣ «ናይት1» ይባላሉ። ቁጥሩ የተቀመጠው ጠዋታቸውን ወይም ማታቸውን በሁለት የሚከፍሉ ቋንቋዎች ስላሉ፣ አንደኛውን ከሁለተኛው ለመለየት ነው። ሰዓት አይደለም። ተርጓሚው ግን ቁጥሩን የስሙ አካል አድርጎ የወሰደው ይመስላል። «ከሰዓት 7» የሚለው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በእኔ ግምት ተርጓሚው «ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት» ማለት መስሎት በእኛ አቆጣጠር ወደ 7 ለውጦታል። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ለአንባቢው አስቦ ሰዓቱን አስልቷል። የጎደለው ቃሉ የት ቦታ እንደሚውል የሚነግረው ሰው ነው።

ዘወትር የምናየው የሰዓት ምልክት «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ቁጥር የለበትም። ቁጥር ያለባቸው የሚወጡት ፕሮግራሙ የቀኑን ክፍል በዝርዝር ሲጠይቅ ነው። ይሁንና ሲወጡ «2፡30» ከሚለው ጎን «ከሰዓት 7» ተጽፎ ያየ ተሳፋሪ የቱን ይመን? አጭሩ ምልክት «ጠ» ሆኖ ረጅሙ «ጥዋት» መሆኑም በአንድ ፋይል ውስጥ ራሱን ከራሱ ጋር ያላናበበ ነገር ነው።

ሌላው የዓመት ምልክት ነው። ፋይሉ ለአውሮፓው አቆጣጠር የሚሰጠው ምልክት «ዓ/ም» ነው። እኛ ደግሞ «ዓ.ም.» ስንል የራሳችንን አቆጣጠር ማለታችን ነው፤ የአውሮፓውን «እ.ኤ.አ.» እንላለን። በሁለቱ መካከል እንደ ወሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ይኼ የፊደል ግድፈት አይደለም፤ የትርጉም ጉዳይ ነው። ማኅደር አገላብጦ ቀን ለሚያረጋግጥ ዘጋቢ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ኮድ አመንጪው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይጠረጥርም። ደርቦቹ ፍጹም ይናበባሉ፤ የተናበቡት ግን በስሕተት ላይ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

6. ለድሬዳዋ ምን ማለት ነው?

ምንጩን የሚያርመው ማን ነው? ሲኤልዲአር «ሰርቬይ ቱል» የሚባል መድረክ አለው። በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት ክፍት ይሆንና የየቋንቋው ተናጋሪዎች ቃል ያቀርባሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። የትልልቅ ድርጅቶች ተወካዮች ድምፅ የበለጠ ክብደት አለው። ሆኖም ግለሰብም በእንግዳነት መግባት ይችላል፤ የስሕተት ጥቆማም ይቀበላሉ። አንድ እርማት ከተቀበሉት በየደርቡ እየመነጨ ብዙ ሚሊዮን መሣሪያ ላይ ይደርሳል።

ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ የሚገባ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየሰማ ነው የሚሄደው። ሦስቱም በሲኤልዲአር ውስጥ ፋይል አላቸው፤ ፋይሎቹ ግን እኩል አልሞሉም። የአማርኛውና የሶማልኛው በተሟላ ደረጃ ሲመደቡ፣ ኦሮምኛው ከሁለቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ፋይሉ ውስጥ የሌለ ቃል ደግሞ ሊመነጭ አይችልም፤ በቦታው የሌላ ቋንቋ ቃል ወይም ተራ ቁጥር ይወጣል። አንድን ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ ለማውጣት የሚነሣ የድሬዳዋ ወጣት ፕሮግራመር ችሎታው ሙሉ ሆኖ በሁለቱ ቋንቋ የወሩን ስም ያለ ድካም ሊያገኝ፣ በሦስተኛው ብዙ ነገር ራሱ ለመሙላት ሊገደድ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሙያ የሚፈለገው። ፕሮግራመሩ አመንጪውን ይሠራል። «ጠዋት» ይሁን «ጥዋት»፣ የአውሮፓው ዓመት በምን ምልክት ይለይ፣ የኦሮምኛውና የሶማልኛው ሰዓት በአፍ እንደሚነገረው እንዴት ይጻፍ የሚለውን ግን በየቋንቋው የሚጽፉና የሚያርሙ ሰዎች ናቸው የሚያውቁት። በዲፓርትመንታችን ሦስቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች አሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የሶፍትዌር ደርቦች የሚጣሉት አንድ እውነት ብዙ ቦታ በእጅ ስለሚገለበጥ ነው። ኮድ ማመንጨት እውነቱን አንድ ቦታ አስቀምጦ የቀረውን ለመሣሪያ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የአማርኛ የቀናት ስሞች እርስ በርስ በማይተዋወቁ ኩባንያዎች ዕቃ ላይ አንድ ሆነው ሊወጡ ችለዋል። ነገር ግን አሠራሩ የሚያባዛው የተሰጠውን ነው፤ ልክ ከሆነ ልኩን፣ ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን።

ስለሆነም ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የኮምፒውተር ሳይንስና የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የሦስቱን ቋንቋዎች ፋይል መስመር በመስመር እንዲያነቡና መድረኩ ሲከፈት እርማት እንዲያቀርቡ። ለዚህ አንድ የኮምፒውተር ክፍልና ጥቂት ቅዳሜዎች ይበቃሉ። ሁለተኛ፣ የዚህ ቡለቲን ማኅደር በኮምፒውተር የሚሠራበት ቀን ሲመጣ ከፎርሙና ከዳታቤዙ በፊት መግለጫ ፋይሉ እንዲጻፍ፣ የአያት ስምም ከመጀመሪያው እንዲገባበት።